ጭማሪ ወይስ መራመጃ? ስለ ‹‹ጓካሜሊ 2›› የቪዲዮ ጨዋታ የቀረበ ሂስ

በእንዲህ ዓይነት ገጾች ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ድርጅቶቻችን መሰነጣጠቅ ስንጽፍና ስንከራከር ኖረናል። ዛሬ ግን ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ልጽፍ ነው። ‹‹ሰውየውን ምን ነካው? አገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ስለ ጌም ይጻፋል?›› የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወቀሳውን አስቀድሜ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ ጨዋታው ያስነሣብኝ ጥያቄ በስደት ልጅ የምናሳድግ ሁሉ ጥያቄ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የምኖረው በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሀምበር ወንዝ አጠገብ በሚገኘው በዌስተን ነው። ዌስተን እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትንሽ ከተማ ነበር። ዛሬ የጃማይካው፣ የሶማሊያው፣ የላቲን አሜሪካውና የእኛም አገር ሰው ጎን ለጎን የሚኖርበት ሰፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የ11 ዓመት ልጄን ከአማርኛ ትምህርት እቀበልና በ89 ቁጥር አውቶቡስ አብረን ወደ ቤት እንመለሳለን። ልጁ ወንበር እንደያዘ የፊደል ደብተሩን ቦርሳው ውስጥ ይከትና ኒንቴንዶ ስዊቹን ያወጣል። እኔም አፍንጫዬን ነፍቼ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። ለብዙ ጊዜ ያለ ንግግር የተስማማንበት ሥርዓት ይህ ነበር።

ባለፈው ዓመት እናቴ አገር ቤት አረፈች። ለቀብሯ አልደረስኩም። የአርባ ቀን ተዝካሯ በወጣበት ቅዳሜ ሌሊቱን በስልክ ቪዲዮ ድንኳኑን፣ ካህናቱንና ለነዳያን የቀረበውን ማዕድ ሳይ አደርኩ። ከሰዓት በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ ልጄ ከጨዋታው ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ ‹‹አያቴ ያለችው እንዲህ ያለ ቦታ ነው?›› ሲል ጠየቀኝ። ስክሪኑን አየሁት። ባለ ቀለም ልብስ የለበሱ አጽሞች በአንድ መንደር አደባባይ ቆመው ያወራሉ። ልመልስለት ፈለግሁ። ‹ተዝካር› የሚለውን ቃል ግን ከየት ልጀምርለት? በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ነገር አጉተመተምኩና ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት ልጁ ሲተኛ ጨዋታውን ራሴ መጫወት ጀመርኩ። የሚከተለው ከዚያ የተገኘ ሂስ ነው።

የጎረቤት ሥራ

ጨዋታው ‹‹ጓካሜሊ 2›› ይባላል። ከሩቅ አገር የመጣ ሥራ መስሎኝ ነበር። የሠራው ግን በ2008 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥ የተቋቋመው ድሪንክቦክስ ስቱዲዮስ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3 እና በእጅ ለሚያዘው ፕሌይስቴሽን ቪታ ወጣ። ሁለተኛው ክፍል በኦገስት 2018 ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኮምፒውተር፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ በእጅም በቴሌቪዥንም ለሚሠራው ኒንቴንዶ ስዊች ቀረበ። የታሪኩን ሐሳብ ያመነጨው አውጉስቶ ኪሃኖ የተባለ በስቱዲዮው የሚሠራ የሜክሲኮ ተወላጅ አኒሜተር ነው። ልብ በሉ፤ ከሌላ አገር መጥቶ እኛ በምንኖርበት ከተማ የሚሠራ ባለሙያ የአገሩን ተረት፣ የአገሩን ሙታንና የአገሩን ነጻ ትግል በዓለም ልጆች እጅ ውስጥ አስገባ ማለት ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጀግናው ከጎን እየታየ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይደባደባል። መንገዱ እንደ ሰፈራችን ጉራንጉር ብዙ ነው። ዛሬ አልከፈት ያለ በር ነገ አዲስ ችሎታ ሲገኝ ይከፈታል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ ኋላ እየተመለሰ የረሳውን ይፈትሻል። ሁዋን የሚባለው ባለ ታሪክ ተኪላ የሚወጣበትን አጋቬ የተባለ ተክል የሚያመርት ምስኪን ገበሬ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ካርሎስ ካላካ የተባለ ክፉ ይገድለውና የሚያፈቅራትን ሉፒታን ጠልፎ ይሄዳል። ሁዋን በሙታን ዓለም ውስጥ የታጋይ ጭንብል ያገኝና ጉልበተኛ ሆኖ ይመለሳል።

ተረቱ ቀላል ነው። ሥራው የሚመዘነው ግን በእጅ ላይ ሲገባ በሚያደርገው ነገር ነው፤ እኔም የምመዝነው በዚያ ነው።

ሁለት ዓለም በአንድ አዝራር

ሁዋን በሕያዋን ዓለምና በሙታን ዓለም መካከል ይመላለሳል። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ይህ በአንድ አዝራር የሚደረግ ነገር ይሆናል። ሁለቱ ዓለሞች አንዱ ከሌላው ርቀው ያሉ አገሮች አይደሉም፤ በአንድ ቦታ ላይ ተደርበው ያሉ ናቸው። አንዱ መቆሚያ በሕያዋን ዓለም ብቻ አለ፣ ቀጣዩ በሙታን ዓለም ብቻ። ስለዚህ ተጫዋቹ ከአንዱ ተነሥቶ አየር ላይ ሳለ ዓለሙን ካልቀየረ የሚያርፍበት የለውም። አንዳንድ ጠላት በአንዱ ዓለም ቆሞ በሌላው ይመታል። አንዳንዱ ባለ ቀለም ጋሻ አለው፤ ቀይ ጋሻ የሚሰበረው በቀዩ ምት ብቻ፣ ሰማያዊው በሰማያዊው ብቻ ነው። እነዚያው ምቶች ሁዋንን ወደ ላይም ወደ ጎንም ይወረውሩታልና መደባደቢያውና መዝለያው አንድ ናቸው። ሁለተኛው ክፍል በአየር ላይ ካሉ መያዣዎች የሚያስፈነጥረውን የንስር ዝላይ ጨምሯል። ሁዋን ወደ ዶሮነት የሚለወጥበትንም ችሎታ አስፍቶታል። በመጀመሪያው ክፍል ዶሮ መሆን በዋናነት በጠባብ ቀዳዳ ለመሹለክ ነበር። አሁን ዶሮው ራሱ ይዋጋል።

እዚህ ላይ የጨዋታው ዋና ጥበብ ይታየኛል። የሜክሲኮ ሰዎች በኖቬምበር መጀመሪያ ሙታናቸውን እንደሚዘክሩ ማንኛውም መጽሐፍ ይነግራችኋል። ጓካሜሊ ግን አይነግራችሁም፤ ያስደርጋችኋል። ወደ ሙታን መንደር ሳትገቡና ሳትወጡ አንድ ገደል አትሻገሩም። ልጄ ስለ ሜክሲኮ የተማረው ምንም የለም፤ ነገር ግን የሞተ ሰው ከሕያዋን ጋር በአንድ አደባባይ ሊኖር እንደሚችል በጣቶቹ ያውቃል። ያንን ጥያቄ የጠየቀኝም ለዚህ ነው። ጥያቄው የልጅ ጨዋታ መስሎ የቀረበ የሥነ መለኮት ጥያቄ ነበር። እኔ በአማርኛና በግዕዝ የወረስኩት መልስ እያለኝ አፌ ተያዘ።

የተቆለፈው መጨረሻ

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ወዳጆች ሥራውን ከሚመዝኑባቸው ነገሮች አንዱ የተቆለፉት ጭማሪዎቹ ናቸው። ታሪኩን ጨርሶ ለሚሄድ ሰው የማይታዩ፣ ተመልሶ ለሚፈልግ ሰው የሚከፈቱ ነገሮች ማለቴ ነው። በጓካሜሊ 2 በወርቅ ሳንቲም ከአሰልጣኞች የሚገዙ ችሎታዎች አሉ፤ አሰልጣኞቹም ሳንቲሙን ብቻ ሳይሆን የልምምድ ማስረጃ ይጠይቃሉ። በከባድ ቦታዎች የተደበቁ የቁልፍ ቁርጥራጮች አሉ፤ እነርሱን ሰብስቦ የመጨረሻውን ፈተና ያለፈ ሰው ከሌላው የተለየ መጨረሻ ያያል። እስከ አራት ሰው ሆኖ መጫወትም ይቻላል።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ክፍል ጭማሪ ምን እንዳደረገው ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ታሪኩን በተራ መንገድ የጨረሰ ሰው ሁዋን ክፉውን ድል ሲነሣ ያያል፤ ሉፒታ ግን አትተርፍም። የተደበቁትን ሉሎች በብዙ ድካም የሰበሰበ ብቻ ሉፒታ በሕይወት ስትመለስና ሲጋቡ ያያል። ሁለተኛው ክፍል የሚነሣው ከዚህ ከተደበቀው መጨረሻ ነው። ያኔ ለጥቂቶች ሽልማት የነበረው አሁን ለሁሉም መነሻ ሆነ። መክፈቻው ራሱ ከካላካ ጋር የተደረገው ያ የመጨረሻ ውጊያ ነው። በፊት የብዙ ሰዓት ድካም መደምደሚያ የነበረው ፍልሚያ እዚህ ለጀማሪ አዝራር ማስተማሪያ ሆኖ ቀርቧል። ከዚያ ሰባት ዓመት ያልፋል። ሁዋን ሚስት አለው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ቦርጭም አብጅቷል። ያ ሁሉ ችሎታው ጠፍቶ እንደገና ከሀ ሁ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቦርጩ የኔም ነውና። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እኛ አባቶች ‹‹በስንት መከራ እዚህ እንደደረስን አታውቁም›› እያልን በልጆቻችን ላይ እናማርራለን። በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣ አለ፤ በኬንያ ካምፕ ዓመታት የቆጠረ አለ፤ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ ሌሊት ታክሲ የነዳ አለ። ለእኛ ካናዳ መድረስ የተቆለፈው መጨረሻ ነበር። ለልጆቻችን የመጀመሪያው ስክሪን ነው። በዚህ ልንወቅሳቸው አንችልም፤ ሁለተኛ ክፍል ማለት ይኸው ነውና። የጨዋታው ደራሲዎች ይህን ገብቷቸዋል። ያለፈውን ውጊያ በንግግር አላስረዱም፤ ለአዲሱ ተጫዋች አጭርና የሚቻል አድርገው በእጁ ሰጡት። እኛስ? እኛ ታሪካችንን የምንነግራቸው በወቀሳ መልክ ነው።

የሥራው ጉድለት

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ ጉድለቱን ካልተናገርኩ ሂስ አይሆንም።

አንደኛ፤ የሁለተኛው ክፍል ጭማሪዎች በአብዛኛው ስለ ራሱ ስለ ጌም ዓለም የሚቀልዱ ናቸው። ታሪኩ ሁዋንን በብዙ ትይዩ ዓለሞች ውስጥ ያዘዋውረዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሌሎች የታወቁ ጨዋታዎችን ለማሾፍ ብቻ የተሠሩ ክፍሎች ናቸው፤ ለምሳሌ በየተራ እየጠበቁ የሚማቱበትን የድሮ ጨዋታ ዓይነት የሚያስመስል አለ። ቀልዱን ለሚያውቅ ያስቃል፤ አንድ ጊዜ። ፈልጎ ያገኘ ሰው ግን መንደሩን ይበልጥ ማወቅ ነበረበት። በመጀመሪያው ክፍል የመንደር ሰው ‹‹ዶሮዎቼ ጠፉብኝ፣ ሰብስብልኝ›› ይላል፤ ሽልማቱ ትንሽ ቢሆንም ከሰው ጋር ያስተዋውቃል። በሁለተኛው ክፍል ከባዶቹ ድብቅ ክፍሎች የሚፈትኑት ጣትን ብቻ ነው። በውስጣቸው የሚነገር ተረት፣ የሚታወቅ ሰው የለም። ደራሲዎቹ ውርሳቸውን በዋናው መንገድ ላይ በልግስና አንጥፈው በጓዳው ውስጥ አላስቀመጡትም።

ሁለተኛ፤ ክፉው ገጸ ባሕርይ ሳልቫዶር ሲጀመር ብዙ ተስፋ ይሰጣል። በሌላው ትይዩ ዓለም ሁዋንና ሉፒታ ሞተዋል፤ ካላካን ድል ያደረገው ይህ ሳልቫዶር ነው። ነገር ግን ጭንብሉ ራሱ ሰውነቱን እየበላው ነው፤ ለመዳን ብሎ ዓለሙን ሁሉ ለጥፋት ያጋልጣል። ድል አድርጎ ድሉ የበላው ሰው! ከዚህ የበለጠ ለእኛ ትውልድ የሚቀርብ ታሪክ የት አለ? ጨዋታው ግን ልብ የሚነካ ነገር በመጣ ቁጥር ይቀልድና ያልፋል።

ሦስተኛ፤ ‹‹ይህ ሜክሲኮ የቱሪስት ሜክሲኮ ነው፤ ተኪላ፣ ትግልና አጽም ብቻ›› የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ግማሽ እውነት አለው። እኛም ቡና፣ ጭፈራና እንጀራ ብቻ ይዘን አደባባይ ስንወጣ እንዲሁ ነን። ልዩነቱ በሌላ ቦታ ነው፤ ወደዚያው ልመለስ።

ባህል ጭማሪ ሲሆን

በኖቬምበር 2014 እ.ኤ.አ. ‹‹ኔቨር አሎን›› የተባለ ጨዋታ ወጣ። የአላስካ ኢኑፒያት ሕዝብ ሽማግሌዎችና ተራኪዎች ከጨዋታ ሠሪዎች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። አንዲት ልጅና አንድ ነጭ ቀበሮ በበረዶ ውስጥ ይጓዛሉ፤ ተረቱ የሚተረከው በራሳቸው በኢኑፒያቅ ቋንቋ ነው። በየመንገዱ ጉጉቶች አሉ፤ ጉጉት ያገኘ ተጫዋች የሕዝቡ ሰዎች ስለ ኑሯቸው የሚናገሩበት አጭር ፊልም ይከፈትለታል። በዚያ ጨዋታ የተቆለፈው ሽልማት የሽማግሌ ንግግር ነው ማለት ነው። ሐሳቡን ሳስብ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ይሁን እንጂ ፊልሞቹን ሳያይ ጨዋታውን መጨረስ የሚችል ልጅ አለ። በጓካሜሊ ግን የሙታንን ዓለም ሳይነካ አንድ እርምጃ የሚራመድ የለም። ኔቨር አሎን ያልተዛባ እውቀት ይሰጣል፤ እውቀቱ ግን በጎን ነው። ጓካሜሊ በእውቀቱ ይቀልዳል፤ እውቀቱ ግን መራመጃ ነው። አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ለቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያውን፣ ለልጄ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

እንግዲህ የጽሑፌ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። እኛ በስደት አማርኛን፣ በዓላችንንና ሙታናችንን ለልጆቻችን ጭማሪ አድርገንባቸዋል። የሳምንቱ ጨዋታ በእንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርቱ፣ ጓደኛው፣ ቁጣውና ፍቅሩ ሁሉ። አማርኛ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት የሚከፈት ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ በዋናው መንገድ ላይ ምንም በር አይከፍትም። ልጁ 231 ፊደል ቢያጠና ሰኞ ዕለት የሚያሻግረው ገደል የለም። ከዚያ ‹‹ልጆቻችን ቋንቋቸውን ጠሉ›› እንላለን። አልጠሉም። ማንም ልጅ ለምንም የማይጠቅም ችሎታ ለመግዛት ሳንቲሙን አያወጣም።

ጥሬ ዕቃ የለንም የሚል ካለ ይታረም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣና ስለ አካባቢው ተመሳሳይ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት ጽፏል፤ የገበጣው ዓይነት ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለያይ ያየ ሰው ይደነቃል። አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ ገበሬ የሚያሳድዳትን ዶሮ የሚያስሮጥ ‹‹ኩኩሉ›› የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ‹ኩኩሉ› ሲባል ‹አልነጋም› ብሎ የመለሰ ሁሉ ስሙን ሲሰማ የተደበቀበት ጓሮ ትዝ ይለዋል። የመደበቅና የመፈለግ ጨዋታ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሰምና ወርቅን ለሁሉም ነገር መክፈቻ ማድረግ ሰልችቶናል፤ ቢሆንም የተደበቀውን መፈለግ ያስደስተው የነበረ ሕዝብ ልጆቹን በሽምደዳ ብቻ ማስተማሩ ይገርመኛል።

በቶሮንቶ፣ በሲያትልና በዋሽንግተን አካባቢ ሶፍትዌር የሚጽፉ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። አንድ የሜክሲኮ ሰው በአንድ የቶሮንቶ ስቱዲዮ ውስጥ ያደረገውን እነርሱ የማያደርጉበት ምክንያት አይታየኝም። እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን በቤታችን የምናደርገው አለ፤ እኔ ያደረግሁትን ልናገር።

አሁን ከልጄ ጋር ሁለት ሆነን እንጫወታለን። ሁለት ሰው ሲጫወት ዓለሙ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲቀይር ለሌላውም ይቀየራል። ስለዚህ ካልተነጋገሩ አንዱ ሌላውን ገደል ይከተዋል። መጀመሪያ ላይ በተደጋጋሚ ገደል ከተትኩት። ከዚያ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ትእዛዝ የሚሰጠው በአማርኛ ብቻ ነው። ‹‹ሙታን!›› ይላል፤ እቀይራለሁ። ‹‹ሕያዋን! አባዬ፣ ሕያዋን!›› ይላል፤ ዘገየሁና ወደቅን። ‹‹ቆይ››፣ ‹‹ዝለል››፣ ‹‹ያዘኝ››፣ ‹‹አሁን››። በሁለት ዓመት የቅዳሜ ትምህርት ከአፉ ያልወጡ ቃላት ናቸው። ‹‹ሙታን›› ብዙ ቁጥር መሆኑን ነግሬው ነጠላውን ጠየቀኝ።

‹‹ሙት›› ነው አልኩት። ከዚያ ስዊቹን አስቀመጥንና ስለ አርባው፣ ስለ ድንኳኑ፣ ለነዳያን ስለቀረበው ማዕድና ስለ አያቱ ስም አጠራር በአማርኛ ነገርኩት። ግማሹን እንዳልተረዳ አውቃለሁ። ያልገባውን ግን አስቁሞ ጠየቀኝ። የቁልፉን ቁርጥራጮች ገና ሰብስበን አልጨረስንም፤ የተቆለፈውንም መጨረሻ አላየነውም።

ቸር እንሰንብት።